ያልተነገራቸው ሰዎች ሳጥን

እሁድ፣ ኖቬምበር 3

ይሄን ደብተር የገዛሁት የስክሪን ንድፍ ልስልበት ብዬ ነበር። ቤት ደርሼ ስገልጠው ለካ መስመር አለው! ብቻዬን ሳቅኩ። መስመር ላይ ስክሪን አይሳልም፤ ወሬ ግን ይጻፍበታል፣ ወሬ ደግሞ እኔ ጋ መች ጠፍቶ።

ዛሬ የእድራችን ድረ ገጽ ተመረቀ! ከሶደርተልየም ከሶለንቱናም ሰው መጥቶ ኖርስቦሪ ያለው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ግድግዳው ላይ በትልቁ አበራሁት። "ምሰሶ እድር" የሚለው ርዕስ ሲወጣ አጨበጨቡ። ጭብጨባው የሚገባው ለወንድሜ ለሰላምሰገድ ነው። እሱ አዲስ አበባ ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። "ምሰሶ" የሚለውን በብሩሽ ጽፎ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። "እድር" የሚለው ይቀረዋል፤ እጁ ደከመበት። ለጊዜው በኮምፒውተር ፊደል ጽፌ አጠገቡ ለጥፌዋለሁ። ማን ያስተውላል? እሱ ያስተውላል።

ከሁሉም የኮራሁት ግን በአንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። መጀመሪያ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሰው ሲሞት ጸሐፊው ይጽፋል፣ ለአባላት ሁሉ በስልክ ይደርሳል። ሊቀመንበራችን ጋሽ አድነው ይሄን በሰሙ ቀን መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ለባለሐዘኗም ሊደርሳት ነው?"

"ለሁሉም ነው ጋሼ።"

"እንግዲያ ቱነልባና ባቡር ውስጥ ቆማ፣ በስልኳ፣ ብቻዋን ትረዳ በይኛ!"

ሰዉ "ኧረ በስመአብ!" አለ። አፈርኩ። እውነታቸውን ነው፤ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገር። ስለዚህ "ያልተነገራቸው" የሚል ሳጥን ጨመርኩ። እዚያ ስሙ የገባ ሰው መልእክት አይደርሰውም፤ ገጹን ቢከፍትም ያ ማስታወቂያ አይታየውም። በራሴ ስም ሞከርኩት። አንድ የውሸት ሞት ጻፍኩ፣ ስሜን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ፣ ከፈትኩ። ባዶ! ለባዶ ገጽ ብዬ ያዘጋጀሁት ቃል ብቻ ወጣ፦ "አዲስ ማስታወቂያ የለም። ሁሉም ደህና ነው።" ከጀርባ ያለውን ኮድ የጻፈችው ልጄ ናዝሬት ናት። "ፉንካር፣ ማማ!" ብላ ዘለለች። በስዊድንኛ ይሰራል ማለቷ ነው። እማ ማለት ከተወች ስንት ዘመኗ።

ሰላሜ ኩላሊቱ ደክሟል። ለገና እመጣለሁ ብዬዋለሁ። እሄዳለሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ባንክ ውስጥ የኔ ስራ ክፉ ወሬ መጻፍ ነው ብል ማን ያምነኛል! ክፍያዎ አልተላለፈም። ካርድዎ ታግዷል። ብድሩ አልተፈቀደም። እነዚህ የሚወጡባቸውን ስክሪኖች ነው የምነድፈው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እዚህ አገር መዋለ ሕፃናት የሰው ልጅ ሳሳድግ ኖሬ፣ በሃምሳ ዓመቴ ኮርስ ወስጄ፣ ባንክ! አንዳንዴ ጠዋት በሩ ካርዴን አይቶ ሲከፈትልኝ አሁንም እስቃለሁ።

አለቃዬ አኔሊ ዛሬ ጽሑፌን አየችና ሳቀች። "ልደታ፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ አንቺ ስለ አየሩ ታወሪያለሽ። ክፉው ነገር መጀመሪያ፣ በአንድ መስመር። ከዚያ ምን ማድረግ እንደሚችል። በቃ።" ለገንዘብ ልክ ናት። ሰው ሲደነግጥ አያነብም።

የሙከራ ጊዜዬ ዲሴምበር ላይ ያልቃል። በወሩ አስራ ሁለት ሥራዬን ለባንኩ ሰዎች አቀርባለሁ፤ ከወደዱት እቀጠራለሁ። ከዚያ በፊት እረፍት መጠየቅ ደስ አይልም። ማንም አትጠይቂ አላለኝም። ግን ደስ አይልም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ሰላሜ ደወለ! ድምፁ ቀጥኗል፣ ምላሱ ግን ያው ነው።

"ሚጣ፣ ገጽሽን አየሁት።"

"እና?"

"'ምሰሶ' ቆሟል። 'እድር' ግን ልብስ ተከራይቶ ሰርግ የመጣ ይመስላል።"

"አንተ ጨርሰዋ!"

"ቆርቆሮውን ማን ይይዝልኛል? ስትመጪ እንጨርሰዋለን።"

ልጅ ሆኜ መሰላሉ ስር ቆሜ የቀለሙን ቆርቆሮ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ካልሲዬ ሁሉ ቀይ ነበር።

"ለገና እመጣለሁ አልኩህ እኮ።"

"ለየትኛው? ለፈረንጆቹ ነው ለኛ?"

"ለኛ ነዋ!"

"የፈረንጆቹ ይቀርባል" አለ። ቀልዱ ነው። ቀልዱ ነው ብዬ ሳቅኩለት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ቱነልባና ላይ፣ ቆሜ። ሰላሜ ሆስፒታል ገብቷል። ሚስቱ ርብቃ ናት የጻፈችልኝ። "ለምርመራ ነው፣ አታስቢ።" ዛሬ ስብሰባ አለ፣ ሰማያዊው በተን ይሁን አረንጓዴው። ምን አገባኝ። ይሁን አረንጓዴ።

ማታ። ትቬትስቱጋ፣ የሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከሸዋሉል ጋር ልብስ እያጠፍን ነገርኳት። ጎረቤቴ ናት፣ እህቴ በያት፣ ሶደርተልየ መድኃኒት ፋብሪካ ነው የምትሰራው። አንሶላውን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን፣

"ሂጂ" አለችኝ።

"ሙከራ ላይ ነኝ እኮ።"

"አለቃሽን ጠይቂያት። ለወሬ ሲሆን ማን ይችልሻል!"

"ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ ሸዋዬ።"

አንሶላውን ሳበችብኝ። "ለሱስ ስንት ቀረው?"

ተቆጣሁ። እንዲህ ይባላል? ሟርተኛ! ካልሲዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። አንዱን ረስቼው ኖሮ በፖስታ በሬ ሥር አስገብታልኛለች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ጾሙ ትናንት ገባ። ዛሬ አኔሊን ልጠይቃት ቢሮዋ ገባሁ። "ምን ልርዳሽ?" አለች። የስህተት መልእክት ፊደል መጠን ይጨመር አልኳት። ተስማማች። አመስግኜ ወጣሁ።

ማታ የአውሮፕላን ትኬቱን እስከ መጨረሻው ስክሪን አደረስኩት። የመጨረሻው በተን "አረጋግጥ" ይላል። ኮርስ ላይ የተማርነው፦ ሰው አንድ በተን ላይ ደርሶ ከቆመ ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፣ የንድፉ ነው። ይሄኛውን አገላብጬ አየሁት። ንድፉ ምንም አልጎደለውም።

ዘጋሁት።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ተመስገን! ርብቃ አነሳች። "ደህና ነው፣ ሐኪሙ አትናገር ብሎታል፣ ጉሮሮው" አለች። ቪዲዮ ክፈቺው፣ ልየው ብላት ኔትወርኩ እምቢ አለ አለችኝ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። "ጠያቂ ነው" አለች። ሰው ይወደዋል፣ ግማሹ ሰፈር ታፔላው የሱ ነው። እሷም ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። ማር በሎሚ ጠጪ አልኳት።

ተመስገን። እስከ አስራ ሁለት ይቆይልኝ እንጂ። ምን ብዬ ጻፍኩ? ይዳንልኝ ማለቴ ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

የእድሩን ገጽ ላስተካክል ገባሁ። ቁልፌ የለም! የአስተዳዳሪው ክፍል ተዘግቶብኛል፤ እንደማንም አባል ፊት ለፊቱን ብቻ ያሳየኛል። "አዲስ ማስታወቂያ የለም። ሁሉም ደህና ነው።" የራሴ ቃል እኔው ላይ!

ጋሽ አድነው ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ማን ነው ያስወጣኝ?"

"ማንም አላስወጣሽም፣ ልጄ። ለጊዜው ነው። አንቺ ስራ በዝቶብሻል፣ ሌሎች ይያዙት ብለን ነው።"

"ሌሎች እነማን? ስራዬን ሳልጨርስ!"

"ልደታዬ፣ ተረጋጊ" አሉኝ። ልደታዬ! እሳቸው እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። በለስላሳ አፍ ማባረር ይሉሻል ይሄ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ምን ታውቃለች ብለው የተማረ ሰው አግኝተው ይሆናል። ለነገሩ "እድር" የሚለውን ፊደል እኔም አፍርበታለሁ። ግን ይነግሩኝ ነበር። ሰው እንዴት ፊት ለፊት አይነገረውም?

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6

ፊትያ ጣቢያ ላይ ሰብሪያን አገኘኋት። የወሎዋ ሰብሪያ፣ የሽማግሌ እንክብካቤ የምትሰራው፤ እሷም የእድራችን አባል ናት። ገና ከሩቅ ስታየኝ እጇ አፏ ላይ ሄደ። መጥታ እቅፍ አደረገችኝ፣ ያዘችኝ፣ አልለቅ አለችኝ። "አብሽሪ፣ የኔ እናት፣ አብሽሪ" አለች።

"ለምኑ ነው የማበሽረው?"

ክው አለች። "ለ... ለፈተናሽ! ሐሙስ ነው አይደል ባንኩ?"

ከዚያ ባቡሩ መጣ፣ ሳትሳፈር ቀረች። የሷ ባቡር እኮ ነው። ለካ ስለ ገጹ ሰምታለች፣ አዝናልኝ ነው። ደግ ሴት ናት። ግን ፈተናዬ ሐሙስ መሆኑን ማን ነገራት?

እሁድ፣ ዲሴምበር 8

ቤተ ክርስቲያን። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ወጥ ቤት ቆመው ያወሩ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ "ሐሙስን ትለፍ እንጂ፣ እሑድ ሁላችንም..." የሚል ሰማሁ። ሸዋሉል ናት። ገባሁ። ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። አንዷ ወንበር አመጣች፣ አንዷ ሻይ፣ አንዷ ነጠላዬ ሳይወድቅ አስተካከለችልኝ።

"እሑድ ምን አለ?" አልኩ።

"ስብሰባ" አለች ሸዋሉል። ዓይኔን አላየችም። ያ ሁሉ ዓመት ዓይኔን ሳታይ ተናግራ አታውቅም፤ ስትሰድበኝ እንኳ እያየችኝ ነው።

እንግዲህ ስብሰባው ስለ እኔ ነው። እኔ የሌለሁበት ስብሰባ።

ቤት ስገባ ናዝሬት ሳህን አጥባ ጨርሳለች። ደግሞ ምን አለችኝ? "እማ፣ አንቺ ቁጭ በይ። እኔ ምሳ አቀርባለሁ።" በአማርኛ! ቃል በቃል! ሃያ ዓመት በአማርኛ ለምኜ በስዊድንኛ ሲመለስልኝ የኖርኩ እናት፣ ደስታዬን አስቢው ደብተሬ። "ማን አስተማረሽ?" ብዬ ልስቅ ስል በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ሽንኩርት ነው አለች። ምስሩ ከትናንት የተረፈ ነበር፤ ሽንኩርት የከተፈ ሰው አልነበረም።

አልጠየቅኋትም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ሲነጋም ጨለማ፣ ሲመሽም ጨለማ። ከቢሮ ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ መብራቱ በርቷል። ድሮ ይሄ ጨለማ አያሸንፈኝም ነበር፤ ለሰው ሁሉ እየደወልኩ እገፋዋለሁ። አሁን ስደውል የሚያነሳ ሁሉ ይቸኩላል። "በኋላ እደውልልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።" ሁሉም የኔ ቆንጆ፣ የኔ እናት፣ የኔ እመቤት ሆኗል አነጋገሩ። የሚጠላኝ ሰው እንዲህ ያቆላምጠኛል? ይሄን ሳስብ ቶሎ ወደ ስራዬ እመለሳለሁ።

ሰላሜ ቴሌግራሙን አልከፈተም። አዲሱን የስህተት ስክሪን ልኬለት ነበር፣ ይተቸኝ ብዬ። አልታየም። አትናገር እንጂ አትይ አላሉትም እኮ።

የማልረባ ሰው ነኝ። በዚያ በተን ላይ ጣቴን አስቀምጬ ያነሳሁ ሰው። ሌላ የምጽፈው የለም ዛሬ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12

አለፈ። ወደዱት። አኔሊ ከሁሉ ፊት "ከጃንዋሪ ጀምሮ ቋሚ ናት" አለች፣ አጨበጨቡ። የሉሲያ በዓላቸውን ዳቦ አመጡ፣ ቢጫውን፣ ቅቤ አለበት፣ ጾም ነው ብዬ በእጄ ይዤው ዞርኩ። ያኔውኑ እረፍት ጠየቅኋት። "እንዴ! ወንድምሽ ታሞ ነው? ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም? ያኔ ልልክሽ እችል ነበር እኮ" አለች።

ያኔ ልልክሽ እችል ነበር።

ሽንት ቤት ገብቼ ትኬቱን ቆረጥኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩት። ከዚያ ለርብቃ ደወልኩ። "የምስራች! በፈረንጆቹ ገና ማግስት እገባለሁ! ለሰላሜ ንገሪው፣ ቀለሙን ያዘጋጅ!" ስልኩን የማላውቀው ሰው ተቀበላት። "እሺ፣ እንነግራታለን" አለ። እንነግረዋለን ነው የሚባለው። ተሳስቶ ነው።

ቤት ገብቼ ለናዝሬት ትኬቱን አሳየኋት። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል። በሩ ውጪ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ካፖርቴን አላወለቅኩም። ዳቦው ኪሴ ውስጥ አለ።

አላውቅም። ማንም ምንም አልነገረኝም። አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

ጋሽ አድነው ጠዋት ደወሉ።

"ልጄ፣ ነገ ማለዳ ቤት ነሽ?"

"አለሁ፣ ጋሼ።"

"ቅዳሴ ትሄጃለሽ እንዴ?"

"ካልሄድኩ ይሻላል?"

ትንፋሻቸውን ሰማሁ። "ቤት ብትሆኚ ይሻላል" አሉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፊቱ ቁጭ አልኩ። የአስተዳዳሪውን ቁልፍ ቢወስዱብኝም ገጹ የተከፈተው በኔ አካውንት ነው። በዚያ በኩል ብገባ ሁሉም ይታየኛል፤ ሳጥኗም፣ በውስጧ ያለው ስምም፣ ማስታወቂያውም። ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ክፉው ነገር መጀመሪያ፣ በአንድ መስመር።

አልገባሁም። ናዝሬት ያን ኮድ ስትከፍት፣ የእናቷን ስም ስትጽፍ እጇ እንዴት እንደሆነ አሰብኩ። ሰብሪያ በኔ የተነሳ ባቡር አምልጧታል። ሸዋሉል እንደዚያ ዓይኗን ስትሸሽ ከረመች። እኔ በስራዬ እንድደሰት፣ ሐሙስን በሙሉ ልብ እንድቆም፣ እነሱ ሐዘኔን ተሸክመውልኝ ከረሙ። እኔ ደግሞ በልቤ ስሰድባቸው። ይሄን ሁሉ ከስክሪን ላይ ብቻዬን ካነበብኩት፣ ያቺን ሳጥን ለምን ሰራኋት?

የፊት ለፊቱን ገጽ ብቻ ከፈትኩ። "ምሰሶ" ቆሟል። "እድር" የተከራየ ልብስ ለብሶ አጠገቡ አለ። ማንም አይጨርሰውም። እንዳለ ይቆያል።

ከዚያ ቤት አጸዳሁ። ሶፋውን ገፋሁ። ከጎረቤቶች ወንበር አልተበደርኩም፣ ያስታውቅብኛል። ናዝሬት ስታየኝ ቆየችና መጥታ የሶፋውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ምንም አልተባባልንም። በየትኛውም ቋንቋ።

እሁድ፣ ዲሴምበር 15

አልተኛሁም። መስኮቱ ጥቁር ነው፣ በረዶ ይጥላል። ታች መኪኖች ቆሙ፤ በር የሚዘጉት በቀስታ ነው፣ ሰው እንዳይቀሰቅሱ። ጋሽ አድነውን በከዘራቸው አወቅኋቸው። ነጫጭ ነጠላ በመብራቱ ስር አለፈ። ሰብሪያም በጥቁር ሻሿ አለች። ሸዋሉል ኮቷን ሳትቆልፍ ከታችኛው ፎቅ ወጥታ ተቀላቀለቻቸው። ናዝሬት ክፍሏ ውስጥ ለብሳ ተቀምጣለች፣ የመብራቷ ጭላንጭል በበሩ ስር ይታያል።

ሰላሜ፣ ቆርቆሮውን ሳልይዝልህ።

ሊፍቱ እየወጣ ነው። ጫማው ብዙ ነው፣ ወሬ የለም። አሁን በሩ ላይ ናቸው፤ ማን እንደሚያንኳኳ እየተገፋፉ ይመስለኛል። ሄጄ ልከፍትላቸውና "አውቄዋለሁ፣ ግቡ" ልላቸው አማረኝ፤ ከጭንቃቸው ላሳርፋቸው። ግን ሁለት ሳምንት የተሸከሙትን በሬ ላይ ልቀማቸው አልችልም። ተለማምደው የመጡት ቃል አላቸው፣ የሚይዘኝም ሰው ተመርጧል፣ ሸዋሉል ትሆናለች።

አንኳኩ።

ሳላውቅ ልክፈትላቸው።